የጠፉት 23 አቋራጮች፦ የብሮውዘር ጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018

ላፕቶፑ ዛሬ ከጥገና መጣ። የድሮው 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ወጥቶ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ገባለት። ዊንዶውስም እንደ አዲስ ተጫነ። ድሮ ከፍቼው ሻይ አፍልቼ እመለስ ነበር። አሁን 20 ሰከንድ አይፈጅም።

ደስታው ብሮውዘሩን፣ ክሮምን፣ እስክከፍት ድረስ ነበር። በኢሜይሌ ገባሁ። ቡክማርኮቹ በሙሉ መጡ፣ ፓስወርዶቹም መጡ። እንደ ልማዴ አድሬስ ባሩ ላይ «ው» ብዬ ስፔስ መታሁና «ኩፍኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ው» በእኔ ቤት የአማርኛ ዊኪፔዲያ መጥሪያ ነው። የመጣልኝ ግን «ው ኩፍኝ» የሚል ተራ የጉግል ፍለጋ ነው። «ት» ሞከርኩ፣ ትርጉም የምፈልግበት። እሱም የለም። ሌሎቹን ስሞክርም ያው ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ክሮም ውስጥ የራስን ሰርች ኢንጅን መጨመር ይቻላል። ስም፣ አጭር መጥሪያና አድራሻ ትሰጡታላችሁ። አድራሻው ውስጥ የሚፈለገው ቃል በሚገባበት ቦታ የፐርሰንት ምልክትና ትንሿ የላቲን ኤስ ትገባለች። ከዚያ በኋላ መጥሪያውን ጽፎ፣ ስፔስ ወይም ታብ መትቶ፣ ቃሉን መጻፍ ነው። ገጹን መክፈት፣ የፍለጋ ሳጥኑን በዓይን ማሰስ፣ ጠቅ ማድረግ የለም። ሥራዬ የጤና ጽሑፍ መተርጎም ነው። በቀን መቶ ቃል ብፈልግ አይበዛም። እነዚህን አቋራጮች አንድ በአንድ ያጠራቀምኳቸው በስድስት ሰባት ዓመት ነው። ስንት እንደነበሩ እንኳ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

ሴቲንግ ገባሁ፣ ሰርች ኢንጅን፣ ከዚያ ማስተዳደሪያው ገጽ። ከላይ እነ ጉግል፣ እነ ቢንግ አሉ። «ሳይት ሰርች» በሚለው ሥር ክሮም ራሱ የሚያስቀምጣቸው ሦስት አሉ፤ ቡክማርክ፣ ሂስትሪና ታብ መፈለጊያ። የእኔ አንድም የለም።

ከታች «ኢንአክቲቭ ሾርትከትስ» የሚል ክፍል አለ። በፈረንጅ 2022 ገደማ ክሮም ይህን ገጽ ሲከፋፍለው የብዙ ሰው አቋራጭ ወደዚያ ወርዶ «አክቲቬት» እስኪባል ድረስ ተኝቶ ነበር። ያኔ እኔም ደንግጬ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ቀስቅሼ ነበር። «እዚህ ይሆናሉ» ብዬ ከፈትኩት። ሁለት ብቻ። ሁለቱም ዛሬ ጠዋት የጎበኘኋቸው ድረ ገጾች፣ ክሮም በራሱ የመዘገባቸው። የእኔዎቹ አይደሉም።

ለዛሬ ይበቃኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ማታ ስገላበጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ቡክማርክና ፓስወርድ ከመጡ እነዚህ ለምን ቀሩ? ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ክሮም በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ያለኝን የሚያመሳስልበት፣ የሲንክ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ምን ምን እንደሚመሳሰል የሚዘረዝር ገጽ አለ። ቡክማርክ በርቷል። ፓስወርድ በርቷል። ሂስትሪ በርቷል። «ሴቲንግስ» የሚለው ግን ጠፍቷል።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትዝ አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ክሮም ሲከፈት የሥራ ሰዓት መመዝገቢያውን ገጽ ቀድሞ ያመጣ ነበር። ያ ገጽ እሑድ እሑድ ቤቴ ድረስ እየተከተለኝ መጣ። ተናደድኩና ዘጋሁት። ሰርች ኢንጅኖች ለብቻቸው ማብሪያ የላቸውም። የሚጓዙት ከዚሁ «ሴቲንግስ» ጋር ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት የጨመርኩት አቋራጭ ሁሉ የትም አልሄደም። የነበረው እዚያ የወጣው ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

መልሼ አበራሁት። ከደቂቃ በኋላ አራት አቋራጮች ብቅ አሉ። ቢሮ የፈጠርኳቸው ናቸው። ሁለቱ ቤትም የነበሩኝ ናቸው። ክሮምን ዘግቼ ስከፍት ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የሥራ ሰዓት መመዝገቢያው ገጽ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የድሮው ሃርድ ዲስክ አለ። ጥገናው ቦታ ያለው ልጅ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጥቶኝ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ቻርጀሮች ጋር ተኝቷል። ልጁን መውቀስ አልችልም። ከመጀመሩ በፊት «ጋሼ፣ የሚቀመጥ ፋይል አለዎት?» ብሎ ጠይቆኛል። «ዴስክቶፕና ዶክመንት ብቻ» ያልኩት እኔው ነኝ።

ሃርድ ዲስኩን በዩኤስቢ ለማንበብ መቀየሪያ ኬብል ያስፈልጋል። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲያምረኝ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። እሷ ከሰፈሩ ጋር ተነስታለች። ሌላ ቦታ 400 ብር የሚል ኬብል አገኘሁና ገዛሁ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። ዲስኩ «ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ» አለ። ኮምፒውተሩ አያየውም። ልቤ ወረደ። ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው ነው። ሞተ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አልሞተም። ኬብሉን የሰካሁት ማውዝና ኪቦርድ በሚጋሩት ባለ አራት ቀዳዳ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ነበር። የሚዞር ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ደህና ኃይል ይፈልጋል። ማከፋፈያው ያንን አይሰጠውም። ቀጥታ ላፕቶፑ ጎን ላይ ስሰካው ድምፁ ተስተካከለ፣ ዲስኩም ታየ። ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይቆረጣል። ኬብሉ ራሱ ልል ነው። ሄጄ 850 ብር ሰጥቼ ሳጥን ያለው ገዛሁ፤ ዲስኩ ውስጡ ገብቶ የሚዘጋበት። መጀመሪያ ይህንን ብገዛ 400 ብር ይተርፈኝ ነበር።

ቀጥሎ ፎልደሩን ማግኘት። ዩዘርስ፣ የእኔ ስም፣ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ጉግል፣ ክሮም፣ ዩዘር ዳታ። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ነው። ቪው ውስጥ ገብቶ «ሂድን አይተምስ» ካልተባለ አይታይም። ስሜን የያዘውን ፎልደር ስከፍት ደግሞ ፈቃድ የለህም አለኝ። ከሌላ ዊንዶውስ የመጣ ዲስክ ስለሆነ ነው። «ኮንቲኒው» የሚለውን ነክቼ ትንሽ ጠበቅሁ፤ ከፈተልኝ።

ዩዘር ዳታ ውስጥ «ዲፎልት» የሚል ፎልደር አለ። ውስጡ «ዌብ ዳታ» የሚባል ፋይል ይገኛል። ማራዘሚያ ስም የለውም። ሰርች ኢንጅኖቹ የሚቀመጡት እሱ ውስጥ ነው። ቡክማርክ ለብቻው ሌላ ፋይል ነው፣ ሂስትሪም ሌላ። አንድ ጆንያ ነው ያልኩት ነገር ጆንያ ሳይሆን ብዙ ከረጢት ነው።

ፋይሉን በኖትፓድ ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹ ቃላት «ኤስኪውላይት ፎርማት 3» ይላሉ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሳጥንና ጥያቄ ምልክት ነው። ሳላስቀምጥ ዘጋሁት። ኖትፓድ ላይ ሆኖ «ሴቭ» መንካት ማለት እንዲህ ያለውን ፋይል መግደል ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ኤስኪውላይት ትንሽ ዳታቤዝ ነው። የሚከፍተው ነፃ ፕሮግራም አለ፣ «ዲቢ ብሮውዘር ፎር ኤስኪውላይት»። አወረድኩት። «ዌብ ዳታ»ን መጀመሪያ ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አደረግሁ። ዋናውን አልነካም።

ውስጡ ብዙ ሠንጠረዥ አለ። የምንፈልገው «ኪይወርድስ» የሚባለው ነው። ከፈትኩት። 9 መስመር። ሁሉም የክሮም የራሱ። የእኔ የለም።

እዚህ ላይ ሙሉ አንድ ምሽት ጠፋ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ፣ የተሰረዘ ፋይል የሚያስመልስ ፕሮግራም አውርጄ፣ ሞባይል ዳታዬን ጨርሼ፣ ፓኬጅ ጨምሬ። ስካኑ 3 ሰዓት ፈጀ። ምንም።

ከዚያ በኋላ ነው ፎልደሩን ረጋ ብዬ ያየሁት። «ዲፎልት» ብቻ አይደለም ያለው። ከሥሩ «ፕሮፋይል 1» እና «ፕሮፋይል 2» አሉ። ክሮም ውስጥ አንድ ጊዜ ለልጆቹ፣ አንድ ጊዜ ለራሴ ሰው ጨምሬ ነበር። «ዲፎልት» የልጆቹ ሆኖ ቀርቷል። የሦስቱን «ዌብ ዳታ» ፋይሎች የመጨረሻ የተቀየሩበትን ቀን አወዳደርኩ። «ፕሮፋይል 2» ላፕቶፑን ለጥገና የሰጠሁበት ቀን ላይ ነው። እሱ ነው።

ላፕቶፑ በሕይወት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አድሬስ ባሩ ላይ ክሮም፣ ኮለን፣ ሁለት ስላሽ፣ ቨርዥን ተብሎ ሲጻፍ «ፕሮፋይል ፓዝ» የሚል መስመር ይመጣል፤ የትኛውን ፎልደር እንደምትጠቀሙ በቀጥታ ይነግራችኋል።

«ፕሮፋይል 2»ን ኮፒ አድርጌ ከፈትኩ። «ኪይወርድስ» ውስጥ 58 መስመር። እነሆ «ው»። እነሆ «ት»። ብቻዬን ቤት ውስጥ አጨበጨብኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

58ቱ ሁሉ የእኔ አይደሉም። ድረ ገጽ በጎበኘን ቁጥር ክሮም የፍለጋ አድራሻቸውን በራሱ ይመዘግባል። ለመለየት ሦስት ዓምድ ረዳኝ። «ፕሪፖፑሌት አይዲ» ከዜሮ በላይ ከሆነ አብሮት የመጣ ነው፣ እንደ ጉግልና ቢንግ። «ሴፍ ፎር ኦቶሪፕሌስ» 1 ከሆነ ክሮም ራሱ የመዘገበው ነው፤ 0 ከሆነ ሰው በእጁ የነካው። «ኢዝ አክቲቭ» ደግሞ 1 ከሆነ የሚሠራ፣ 2 ከሆነ ባለቤቱ ያጠፋው፣ 0 ከሆነ ማንም ያልነካው።

በእነዚህ ሳጣራ 23 ቀረኝ። አሁን ቁጥራቸውን አወቅሁ።

ከ23ቱ ውስጥ 7ቱ መንታ ናቸው። አንዱ በግዕዝ ፊደል፣ አንዱ በላቲን፣ አድራሻው ግን አንድ። ኪቦርዴ በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ ስለማላስታውስ፣ የአማርኛው አልሠራ ሲለኝ የላቲኑን እየጨመርኩ ሄጄ ነው። ስለዚህ እውነተኛዎቹ 16 ናቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ስንፍና መጣ። ለምን አንድ በአንድ እጽፋለሁ? ፋይሉን እንዳለ አንስቼ አዲሱ ፕሮፋይል ውስጥ ብተካውስ?

ክሮምን ዘጋሁ። ልተካ ስል ፋይሉ በሥራ ላይ ነው አለኝ። ክሮም መስኮቱ ቢዘጋም ከበስተጀርባ ይቆያል። ታስክ ማናጀር ገብቼ ገደልኩት። አዲሱን «ዌብ ዳታ» ስሙን ቀይሬ አስቀመጥኩ፣ የድሮውን አስገባሁ፣ ክሮምን ከፈትኩ።

አቋራጮቹ የሉም።

አዲሱን መልሼ፣ 23ቱን መስመሮች ብቻ በዲቢ ብሮውዘር ወደ ሠንጠረዡ ገለበጥኩ። ስከፍት አሁንም የሉም። ሠንጠረዡን በደንብ ሳየው ዳር ላይ «ዩአርኤል ሃሽ» የሚል ዓምድ አለ፤ የእያንዳንዱ አድራሻ አሻራ። ክሮም ፓስወርድ የመሳሰለውን የሚቆልፈው ከዊንዶውሱ አካውንት ጋር በተሳሰረ ቁልፍ ነው። የእኔ የድሮ ዊንዶውስ ደግሞ የለም። ከውጭ በእጅ የገባ መስመር እዚህ በር ላይ እንደቀረ ገመትኩ። ሰርች ኢንጅን በድብቅ የሚቀይር ቫይረስ ስንት እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ጥንቃቄው ይገባዋል። ዛሬ ግን ሌባው እኔ ሆኜ ነው የተገኘሁት።

መታገሉን ተውኩት። 16 መስመር ነው፤ በእጄ እጽፈዋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከዲቢ ብሮውዘር ስሙን፣ መጥሪያውንና አድራሻውን በሲኤስቪ፣ ዓምዶቹ በኮማ በሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ አወጣሁ። ኤክሴል ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጌ ከፈትኩት። «አማርኛ ዊኪፔዲያ» የሚለው ስም ጭረትና ቅንጣቢ ያለባቸው የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ መጣ። ይህን በሽታ አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ያውቀዋል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ኤክሴል ፊደሎቹ የተመዘገቡበት ሥርዓት ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ስላላወቀ ነው። መፍትሔው ባዶ ሺት ከፍቶ፣ ዳታ በሚለው ሥር «ፍሮም ቴክስት» ብሎ ማስገባት፣ ሲጠይቅም 65001 ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መምረጥ ነው። ተስተካከለ።

ሠንጠረዡ ውስጥ የሚፈለገው ቃል ቦታ በጥምዝ ቅንፍ «ሰርች ተርምስ» ተብሎ ነው የተቀመጠው። ሴቲንግ ገጹ ላይ የምናየው የፐርሰንትና የኤስ ምልክት የእሱ አጭር መጠሪያ ነው። በአንድ «ሪፕሌስ» ሁሉንም ቀየርኩ።

ከዚያ መጻፍ። «አድ» የሚለውን መንካት፣ ስም፣ መጥሪያ፣ አድራሻ፣ ሴቭ። እያንዳንዱን «ፀሐይ» በሚለው ቃል ፈተሽኩ። 16ቱ ውስጥ ሁለቱ ድረ ገጾች ጭራሽ የሉም። አንዱ የቆየ የመዝገበ ቃላት ገጽ ነበር፤ አሳዘነኝ። ሌሎች ሁለቱ አድራሻቸውን ቀይረዋል።

አድራሻ የቀየሩት ላይ ስህተት ሠራሁ። አንዱ ጋ ገብቼ «ሰላም» ብዬ ፈለግሁ፣ የመጣውን አድራሻ ኮፒ አደረግሁና «ሰላም» የሚለውን ልተካ ፈለግሁ። ኮፒ ሲደረግ ግን «ሰላም» የለም። በፋንታው የፐርሰንት ምልክት፣ ቁጥርና የላቲን ፊደል የተደባለቀበት ረጅም ገመድ አለ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት አድራሻ ውስጥ በ3 ምልክት ይጻፋል። ሦስት ፊደል ያላት «ሰላም» 27 ምልክት ትሆናለች። እኔ 18ቱን ብቻ ሰርዤ ኖሯል። በኋላ ምንም ቃል ብፈልግ መጨረሻው ላይ አንዲት «ም» ትለጠፍበታለች። «ፀሐይ» ስል «ፀሐይም» ይፈልግልኛል። ምክንያቱን እስካገኝ ሩብ ሰዓት ሳቅሁም ተናደድኩም።

ዘዴው ቀላል ነው፦ አድራሻ ስታድኑ የምትፈልጉት ቃል በላቲን ይሁን፣ ለምሳሌ ሦስት ጊዜ ኪው። ኮፒ ሲደረግም ሳይቀየር ይቆያል፣ ለዓይንም ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው ድረ ገጽ ባሰ። ድሮ ፍለጋው አድራሻው ላይ ይታይ ነበር። አሁን ምንም ብፈልግ አድራሻው አይለወጥም። እንዲህ ያለው አቋራጭ አይሆንም፤ ቃሉ የሚገባበት ቦታ የለማ። በጉግል በኩል ዞርኩት። የጉግልን ፍለጋ አድራሻ ወስጄ ከቃሉ በፊት «ሳይት፣ ኮለን» እና የድረ ገጹን ስም አስገባሁ። በዚሁ ዘዴ በዶት ኢቲ የሚያልቁ የአገር ውስጥ ገጾችን ብቻ የሚፈልግ አቋራጭም አለኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃል አጠቃቀም ሳጣራ ከሁሉ በላይ የምጠቀመው እሱን ነው።

ማታ 14ቱ ቆመዋል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጉድ ነው። «ው» አሁንም አይሠራም! ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ አክቲቭ ነው፣ አድራሻው ልክ ነው። አድሬስ ባሩ ላይ «ው» ብዬ ስፔስ ስመታ ግን ዝም።

ተጠያቂው ኪቦርዱ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የድሮው የአማርኛ መጻፊያዬ አብሮ ሄዷል፤ አሁን የምጠቀመው ሌላ ነው። ይህኛው ፊደሉ ገና አላለቀም ብሎ ከሥሩ ያሰምርበታል፤ «ው» ወደ «ዋ» ወይም «ዌ» ልትሄድ ትችላለችና ይጠብቃል። የምመታው የመጀመሪያው ስፔስ ፊደሉን መዝጊያ ብቻ ይሆናል። ክሮም ጋ አይደርስም። ማለትም በመጀመሪያው ቀን አቋራጮቹ ቢኖሩም እንኳ የጠፉ ይመስሉኝ ነበር። ሁለት ብልሽት ተደራርቦ ነው የጠበቀኝ።

አሰብኩ። በግዕዝም በላቲንም ኪቦርድ ሳይቀየር የሚጻፍ ነገር ምን አለ? ቁጥር! 1 ለአማርኛ ዊኪፔዲያ፣ 2 ለእንግሊዝኛው፣ 3 ለጉግል ትራንስሌት፣ 4 ለፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ)፣ 5 ለሜድላይንፕላስ (የጤና መረጃ ገጽ)፣ 6 ለዓለም ጤና ድርጅት፣ እስከ 9። የቀሩት 5 በላቲን ቃል ይሁኑ። መንታዎቹ አያስፈልጉም። ኪቦርዱ የትም ላይ ይሁን፣ 3፣ ስፔስ፣ ቃሉ፣ ኢንተር። በራሴ ኮራሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ኩራቱ ሦስት ቀን ቆየ። ዛሬ ከቢሮ አንዲት ባልደረባዬ ደወለችልኝ። ያንን ኮምፒውተር ሌሎችም ይጠቀሙበታል።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ምን አድርገውት ነው?»

«ምን ሆነ?»

«6 ኪሎ ያለ ስቴሽነሪ ልፈልግ ብል ዓለም ጤና ድርጅት ወሰደኝ።»

አልገባኝም ነበር፤ ከዚያ ገባኝ። ሲንኩን ከፍቼዋለሁ። ቁጥሮቼ ቢሮ ደርሰዋል። «6» ስፔስ ሲባል ክሮም ወደ አቋራጩ ይዘላል፤ የቀረው «ኪሎ ስቴሽነሪ» ጄኔቫ፣ ድርጅቱ ጋ፣ ሄዶ ይፈለጋል። አዲስ አበባ ተቀምጦ 4፣ 5 እና 6ን መጥሪያ ማድረግ ከየት የመጣ ብልህነት ነው? እግዜር ይስጠው 22 ጋ አልደረስኩም።

መፍትሔው እዚያው ሰርች ኢንጅን ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ ነበር፣ «ኪቦርድ ሾርትከት» የሚል። ሁለት ምርጫ አለው፦ «ስፔስ ወይም ታብ» እና «ታብ» ብቻ። ታብ ብቻ አደረግሁት፤ ለባልደረባዬም በስልክ አስነካኋት። አሁን «6 ኪሎ» 6 ኪሎ ነው፤ 6 ብሎ ታብ የመታ ብቻ ነው ጄኔቫ የሚሄድ። ጣቴ እስኪለምድ ግን ሁለት ቀን ሳይፈጅብኝ አይቀርም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

መጠባበቂያ። ሌላ ብሮውዘር፣ ፋየርፎክስንም ለዚህ ብዬ ጫንኩ። እዚያ ሰርች ኢንጅኖች የሚቀመጡት ፕሮፋይሉ ውስጥ ባለ «ሰርች ዶት ጄሰን» በሚጀምር የታመቀ ፋይል ነው፤ እንዲሁ ከፍቶ ለማንበብ አይመችም። ሰኔ 2017 ላይ ከወጣው 140ኛው እትም ጀምሮ አንድ የፍለጋ ሳጥን ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጎ መጨመር ይቻላል፤ ቀድሞ ስውር ሴቲንግ መነካካት ይፈልግ ነበር። ግን ፋየርፎክስ ሰርች ኢንጅኖቹን በሲንክ አያስተላልፍም። እንደገና እዚያው ጉድጓድ።

እሱ ግን ክሮም የሌለው አንድ ጥሩ ነገር አለው። ለማንኛውም ቡክማርክ «ኪይወርድ» መስጠት ይቻላል። አድራሻው ውስጥ ያ የፐርሰንትና ኤስ ምልክት ከገባ ቡክማርኩ ራሱ አቋራጭ ይሆናል። ቡክማርክ ስለሆነ ሲንክ ይሄዳል። ወደ ኤችቲኤምኤል ሲወጣም መጥሪያው አብሮ ይወጣል። «አቋራጮች» የሚል ፎልደር ከፍቼ 14ቱን በዚህ መንገድ አስገባሁ። 25 ደቂቃ። ቀድሜ በዚህ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሁለት ሳምንታት አላያቸውም ነበር።

የኤክሴሉንም ዝርዝር ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል አዞርኩት፤ በየመስመሩ ስም፣ መጥሪያ፣ አድራሻ። አንዱን ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅስ» ውስጥ ላክሁ። ከባንክ ደረሰኝና ከልጆቹ ፎቶ መካከል ገብቶ ተቀምጧል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የወጣው ሒሳብ፦ የማይረባው ኬብል 400፣ ሳጥኑ 850፣ ፍላሽ 700፣ ለከንቱው ስካን የጨመርኩት ዳታ 200፣ ታክሲ 120። በድምሩ 2,270 ብር። ከዚህ ውስጥ 600ው ንጹሕ የሞኝነት ክፍያ ነው።

የቀረው፦ የሞተው መዝገበ ቃላት። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የፊት ገጹን አገኘሁት፣ ፍለጋው ግን አይሠራም። የሥራ ሰዓት መመዝገቢያው ገጽም አለ። «ሴቲንግስ» ሲንክን ማጥፋት አልችልም፣ አቋራጮቼ አሉበት። ቢሮ ሄጄ የዚያን ኮምፒውተር መነሻ ገጽ መቀየር አለብኝ፤ እሱ ደግሞ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ማስፈቀድ ይጠይቃል። እስከዚያው ዛሬም ጠዋት ከቡናው ጋር መጥቶ ጠብቆኛል።